ገጹን የሚገልጠው

ሰኞ፣ 4

እንደ ልማዴ ከሁሉ ቀድሜ አዳራሹ ደረስኩ። ጥበቃው በሩን እየከፈተ፣ ትናንት ወንበር ሲያንቀሳቅሱ እንዳመሹ ነገረኝ። ወንበር ሲያንቀሳቅስ ያመሸ ሰው ደግ ነገር አስቦ አያውቅም።

ቪዮላ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው፤ የቪዮላ ክፍላችን እስካለፈው ወቅት ድረስ ሁለት ሰው ነበር፤ እኔና ጎረቤቴ። ጎረቤቴ የምለው በቤት ሳይሆን በወንበር ነው። አንድ የኖታ መቆሚያ ለሁለት ስንጋራ ኖረናል። እኔ በታዳሚው ወገን፣ እሱ በውስጥ በኩል። የውስጠኛው ሥራ ገጽ መግለጥ ነው። ውጪ ያለው መጫወቱን ሳያቋርጥ፣ የውስጡ ክሩን የሚገዘግዝበትን ደጋን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ይገልጥለታል። በየትም ያለ ኦርኬስትራ ደንቡ ይኸው ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ዛሬ ሦስት ወንበር አገኘሁ። ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ለብቻው።

ባለ ዘንጉ መጣና አስረዳኝ። ባለ ዘንጉ መሪያችን ነው፤ ዕድሜው ከካፖርቴ ያንሳል። ሦስተኛ ቪዮላ እንደተቀጠረች፣ ልጅቷ ፊት እንደምትቀመጥ፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልጋት ጎረቤቴ ከእሷ ጋር እንደሚሆን ነገረኝ። እኔስ አልኩት። "እርስዎ ከኋላ ሆነው ክፍሉን እንደ ግድግዳ ይደግፉልናል" አለኝ። ግድግዳ። ግድግዳ ሚስማር ሊመቱበት ነው የሚፈልጉት።

አዲሷ ሰማያዊ የመሣሪያ ሣጥን አንግታ ገባች። ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጨረሰች ናት ተባለ። እየዞረች ሁላችንንም ጨበጠች። እኔ ደጋኔን ሙጫ እየቀባሁ ስለነበር፣ እጄ ሙጫ ነው ብዬ አልጨበጥኳትም። ይህ እንኳ ደግ አልነበረም። የደጋን ሙጫ ደረቅ ነገር ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቴን አየሁት፤ እሱ ወለሉን አየ።

የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ እጁን ዘርግቶ ገለጠላት። ወንበሩ አይደለም የከነከነኝ። ወንበር እንጨት ነው።

ማክሰኞ፣ 5

ወፍራሙ ቼሎ ተጫዋች መተላለፊያው ላይ ጠበቀኝ። "ጎረቤትህ በስተርጅና ሌላ አገባብህ አሉ" አለኝ። "ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!" የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጎረቤቴም ሳቀ።

ሳቀ።

ዓርብ፣ 8

ከኋላ ሆኜ ሳያቸው ዋልኩ። ከዚህ በፊት ጎረቤቴን ከጎኑ እንጂ ከኋላው አይቼው አላውቅም። ማጅራቱ አርጅቷል።

ገጽ አገላለጡን ማንም እንደ እኔ አያውቀውም። ልምምድ ሳይጀመር የእያንዳንዱን ገጽ የታች ጥግ እንደ ድመት ጆሮ ቆልመም ያደርጋታል፤ ጣቱ እንዳትስት። ሁለት መስመር ሲቀር ደጋኑን ያወርዳል። ሲገልጥ ወረቀቱ ድምፅ የለውም። አሁን ይህን ሁሉ ለእሷ ነው የሚያደርገው። እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ታመሰግነዋለች። እኔ አመስግኜው አላውቅም። ሥራው አይደለም እንዴ?

አንድ መጥፎ ልማድ አለው። መግቢያችን ሲደርስ የመጀመሪያዋን ድምፅ በጉሮሮው ያንጎራጉራታል። አጠገቡ ካለው በቀር የሚሰማው የለም። ስንት ዘመን ታገሥኩት። አሁን ከኋላ ነኝና አይሰማኝም። ጸጥታው ይረብሸኛል። ሰው መጥፎ ነገርንም ይለምዳል ማለት ነው።

እሷ "ጋሼ" ትለዋለች። እኔን "እርስዎ" ብቻ። ይሁን።

እሑድ፣ 10

ጎረቤቴ አልመጣም።

አዲስ ወቅት በተጀመረ ቁጥር እሑድ ከሰዓት መሣሪያውን ይዞ ቤቴ ይመጣል። የወቅቱን ሥራዎች ከዳር እስከ ዳር ይጫወትልኛል፤ አስተያየቴን ይፈልጋል። እኔም አዳምጬ፣ እዚህ ጋ ረጋ በል፣ እዚያ ጋ አትለማመጥ እለዋለሁ። አንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ፤ እስኪገባው። ከዚያ እኔ እጫወተዋለሁ፣ እንዴት መሆን እንዳለበት ለማሳየት። ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለዚህ ነው አስተያየቴን የሚፈልገው።

ባለቤቴ ሦስት ብርጭቆ አቀረበች። ሲመሽ አንዱን ሳይነካ መለሰችው። ታሞ እንዳይሆን ሄደህ እየው አለችኝ። የታመመ ሰው መተላለፊያ ላይ አይስቅም አልኳት።

ረቡዕ፣ 13

የቆየውን ሥራ ተለማመድን። ከስሜ ይልቅ የማውቀው ሥራ ነው።

ብቻዬን ስለሆንኩ ገጹን ራሴ ልገልጥ ነው የሚጠበቀው። ለወረቀት ብዬ ደጋኔን አላቋርጥም። አላቋረጥኩምም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ሳይወድቅብኝ ተጫወትኩ።

ስናርፍ ልጅቷ እርሳስ ልትጠይቀኝ ዞረች። እጇ በአየር ላይ ቀረ። መቆሚያዬን አየች፣ እኔን አየች። "ገጹ እኮ ከመጀመሪያው አልተገለጠም" አለች፣ በቀስታ። "ጨርሰነዋል። አንድም ቦታ አልሳቱም።"

"ለወረቀት ነው እንዴ የምትጫወቺው?" አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ወደ ጎረቤቴ ዞረች፤ እሱም አያት። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልተባለም። ነገር ግን በእኔ ጉዳይ ሁለት ሰው ዓይን ለዓይን ተያየ። ከአሁን በፊት እኔና እሱ ነበርን በሌላ ሰው ጉዳይ የምንተያየው።

እርሳሱን አልሰጠኋትም። ትንሽነት ነው፤ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ 14

ነግሯታል። የሚነገር ነገር የለም እንጂ፣ ነግሯታል።

ሰኞ፣ 18

ለዚህ ወቅት ኮንሰርት አዲስ ሥራ መጣ። ቀለሙ ገና ያልደረቀ ነው የሚመስለው። ደራሲው ቪዮላውን ለሦስት ከፍሎታል። እያንዳንዳችን የየራሳችን መስመር አለን፤ አንዱ የሌላውን አይጫወትም። መካከል ላይ ኦርኬስትራው በሙሉ ዝም ይላል። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ሦስተኛው ቪዮላ ብቻውን ይገባል። ማለት እኔ።

ባለ ዘንጉ ይህን ሲያስረዳ ፈገግ አለልኝ። ያከበረኝ መስሎታል።

የተቀዳ ነገር እንዳለ ጠየቅኩት። ሥራውን የትም ቦታ ማንም ተጫውቶት አያውቅም፤ የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን አለኝ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ጀመርን። ቦታዬ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ክሩ እየላላ ነው አልኩና ጎንበስ ብዬ መቃኛውን ስጠመዝዝ ቆየሁ። እንደገና ከላይ ተጀመረ። መብራቱ ደካማ ነው አልኩ። ወፍራሙ ቼሎ ሳል ያዘው። ከፊቴ ያሉት ሁለት ጀርባዎች አልተንቀሳቀሱም።

ሲያበቃ ባለ ዘንጉ ወደ ጥግ ጠራኝ። በትህትና ነው የተናገረው፤ እንዲያውም ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከኮንሰርቱ በኋላ አስተዳደሩ ስለ ሦስተኛው ወንበር ሊነጋገር እንደሚፈልግ፣ ይህ መስመር እንዴት እንደሚወጣ ሁሉም በጉጉት እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ገብቶኛል። መስመሩን ካልተጫወትኩት ወንበሩ ይነሣል፣ ከነተቀመጠበት ሰው።

ማክሰኞ፣ 19

ኖታ አነባለሁ። ሰው የፈለገውን ያውራ፣ አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቀስ ብሎ የሚያነብ የሚያነበውን ያውቃል።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ገጽ ተኩል ሄድኩ። እያንዳንዱ ድምፅ ልክ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይተዋወቁም።

"ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ በር እየጠገንክ ነው?" አለችኝ ባለቤቴ። ዘመናዊ ነው አልኳት። ጎረቤትህን ለምን አትጠራውም አለች።

"ጎረቤት የለኝም" አልኳት።

ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ከማጠብ የበለጠ ድምፅ ነበረው።

ሐሙስ፣ 21

ከልምምድ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። የእሱን ሣጥን እሷ ተሸክማለች። በአንድ ትከሻዋ ሰማያዊው፣ በሌላው የጎረቤቴ ጥቁር ሣጥን። እሱ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ እንደ ጎረምሳ ከጎኗ ይራመዳል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ደጋኑን ሙጫ ስትቀባለት አይቻለሁ። ሻዩንም እሷ ናት የምታቀብለው፣ ያውም ግማሽ ብቻ ሞልታ።

ሰው ሲወደድ እንዲህ ይሰንፋል ማለት ነው? እኔ ሣጥኑን ተሸክሜለት አላውቅም፤ እሱም የእኔን አልተሸከመም። ተከባብረን ነው የኖርነው።

እሑድ፣ 24

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። በጎረቤቴ ቤት በኩል አለፍኩ። መንገዴ አይደለም።

ቤቱ ምድር ላይ ነው፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ሁለት ቪዮላ ይሰማል። እሑድ ከሰዓት፣ በእኔ ሰዓት። ግድግዳውን ተጠግቼ እንደ ሌባ ቆምኩ። መጫወቱን አቁመው ልጅቷ አንድ ድምፅ በጉሮሮዋ አንጎራጎረች። ደገመችው።

"ቀደም አርጊው" ሲል ሰማሁት። "እሱ ትንፋሽ ሳይስብ። ከሳበ በኋላ ዋጋ የለውም።"

"እሱ" ያለው ባለ ዘንጉን መሆን አለበት።

ከዚያ ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አላወቅኩም። ከእኔ ጋር ሲሠራ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ከእኔ ጋር ሲሠራ ላብ ያልበው ነበር።

መጥፎ ልማዱን እያስተማራት ነው። ከሁሉ ነገሩ ያቺን ይተውልኝ ነበር።

ዳቦው የታለ አለችኝ ባለቤቴ። ዘግተዋል አልኳት።

ማክሰኞ፣ 26

ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ ብዬ ስገባ እሷ ቀድማኛለች። የተሰበሩ ወንበሮች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። ትጫወታለች።

መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም። የራሷን መስመር አይደለም። የእኔን ነው። ከዝምታው በኋላ ያለውን፣ ብቻዬን የምገባበትን።

አሁን ሁሉም ተገጣጠመልኝ። ወንበሬን ወሰደች፣ ጎረቤቴን ወሰደች፣ የቀረችኝ ይህች መስመር ናት። ወንበሩ ሲነሣ እሷ መስመሩን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ እንደዚህች ያለችው ግን የሰው ጥሬ ነው የምታልመው።

ስህተቷን ልይዝባት ከበሩ ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስህተት አልነበረውም። ግን አንድ ነገር አስገረመኝ፤ እያንዳንዷን ሐረግ ሦስት ጊዜ ትደጋግማለች። በየጊዜው ደግሞ ቀስ እያለች፣ ነገር ለማይገባው ሰው እንደምታስረዳ። ትምህርት ቤት ጨርሳለች ተብሎ አልነበረም እንዴ?

ሐሙስ፣ 28

ዛሬም እዚያው ነበረች። ትናንትም።

አንድ ስህተት ያዝኩባት። ሦስተኛዋን ሐረግ ስትጨርስ ትቸኩላለች። ሳላስበው ከደረጃው ላይ እኔው እንዴት መሆን እንዳለበት አንጎራጎርኩት። ቆም አለች። ከዚያ ልክ እኔ እንዳንጎራጎርኩት አድርጋ ተጫወተችው፣ ሦስት ጊዜ።

ሌባ ናት፤ ግን ታዛዥ ሌባ ናት።

ዓርብ፣ 29

ተጫወትኩት!

ኦርኬስትራው ዝም አለ፤ ገባሁ፤ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ባለ ዘንጉ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ቫዮሊኖቹ መቆሚያቸውን በደጋን መታ መታ አደረጉልኝ፤ በእኛ ሥራ ጭብጨባ ማለት ነው። ወፍራሙ ቼሎ እንኳ። ማንም አላስተማረኝም።

አንድ ነገር ብቻ። ስገባ ዘግይቻለሁ። ባለ ዘንጉ በዘንጉ እንደሚያስገባኝ አውቃለሁ፤ ግን እሱ ሲያሳይ፣ እኔ ድምፁን በልቤ ስፈልግ፣ አንዲት ትንፋሽ ታልፋለች። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ ዘገየሁ። በኮንሰርቱ እንዲህ ከሆነ መስመሩ በሙሉ ይፈርሳል አለኝ። እውነቱን ነው። ባልደረቦቼ ከእኔ በኋላ የሚገቡት እኔን ቆጥረው ነው።

ልጅቷ ወደ ኋላ ዞራ በደስታ ልታየኝ ሞከረች። ፊቴን አዞርኩባት።

ሰኞ፣ 2

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ከልምምድ በኋላ ጎረቤቴን የመሣሪያ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። በሩን ዘጋሁ። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ከአፌ ከወጣው ውስጥ የማስታውሰው፣ ለዚያች ልጅ እንደሸጠኝ፣ እሑዴን እንደሰጣት፣ አሁን ደግሞ መስመሬን ስትሰርቅ በር እንደሚጠብቅላት መናገሬን ነው። በዚህ ዕድሜህ አታፍርም ወይ አልኩት። ይቺ የመጨረሻዋ ጸያፍ ናት።

አልተቆጣም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና በመካከላችን ዘረጋው።

እጁ ይንቀጠቀጣል። እንደ ብርድ አይደለም፣ እንደ ፍርሃትም አይደለም። ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ጌታውን አይጠይቅም።

"ከባለፈው ወቅት ጀምሮ ነው" አለኝ። "አጠገብህ ተቀምጬ አላየኸኝም። ፊትህ ስቀመጥ ደግሞ እሷን ነበር የምታየው።"

ወለሉን አየሁ።

"ከእሷ ጋር አስቀምጡኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚህ ኮንሰርት በኋላ አልኖርም። እኔ ስሄድ ማን ያንጎራጉርልህ?"

ማንም እንዲያንጎራጉርልኝ ጠይቄ አላውቅም አልኩት።

"አልጠየቅህም" አለ። "ጠይቀህ አታውቅም።"

በሩን ከፍቶ ወጣ። ሣጥኑን ረስቶት ሄደ፤ ወይም ሊሸከመው አልቻለም። ጥቂት እንደቆምኩ ልጅቷ መጣችና አነሣችው። ሰላም አላልኳትም። እሷ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ 3

ዝናብ። ልምምድ የለም። ምሳዬን አልበላሁም። ባለቤቴ ምን ሆንክ አላለችኝም፤ ታውቃለች ማለት ነው። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያውቃል።

ረቡዕ፣ 4

ይህን መሣሪያ ቤታችን ተከራይቶ የነበረ ሰው ነው ጥሎት የሄደው። በግድግዳ በኩል ሲጫወት የሰማሁትን እየደጋገምኩ ለመድኩት። እዚህ ኦርኬስትራ ሊቀጥሩኝ ሲፈትኑኝ የፈለግከውን ተጫወት አሉኝ፤ ተጫወትኩ፤ ሁለቱ ፈታኞች አለቀሱ። በነጋታው ጎረቤቴ አጠገብ አስቀመጡኝና ወረቀት ዘረጉልኝ። ጎረቤቴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በጉሮሮው አንጎራጎረ። እንግዲህ ያ መጥፎ ልማድ የጀመረው ያኔ ነው።

ዛሬ የማስበው ግማሽ ብርጭቆ ሻዩን ነው። እንዳይፈስበት ነበር። እኔ ግን ስስት ነው ብዬ ጽፌያለሁ ማለት ይቻላል። ሣጥኑን፣ ሙጫውን፣ እጁን ኪሱ መክተቱን፣ ሁሉንም በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ። የቅናት ዓይን ጥሩ ያያል፤ ያየውን አያነብም።

ባለቤቴ ከሥራዋ ቀና ሳትል አንድ ነገር አለች። "እሑድ እሑድ ሲመጣ፣ ከበር ሲገባ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ 'ዛሬ እንዴት አደረ፣ ከየት እንጀምር?' ብሎ ነበር።"

አስተያየቴን ነበር የሚፈልገው አልኳት።

"እሱንም ይፈልግ ነበር" አለችኝ።

ልጅቷ ግን ለምን? እሱ ወዳጄ ነው። እሷ እጇን ያልጨበጥኳት ናት። እርሳስ እንኳ የተከለከለች።

ዓርብ፣ 6

የመጨረሻው ልምምድ። ወረቀቴን ስከፍት የእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ተቆልምሟል። እንደ ድመት ጆሮ አይደለም፤ ጠማማ ነው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጋ ወረቀቱ ተቀዷል። በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሠራ ነው። ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እንጃ።

እሱ ፊት ለፊት ነበር የሚያየው። እኔም አመሰግናለሁ አላልኩም። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ባለ ዘንጉ ጀመረ።

መግቢያው ላይ ዛሬም ዘገየሁ።

ቅዳሜ፣ 7

አዳራሹ ሙሉ ነበር። የቆየውን ሥራ በመጀመሪያ ተጫወትን። የፊተኞቹን ሁለቱን አየሁ። የውጪው ለውስጡ ገጽ ሲገልጥ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ አየሁ። እሷ ናት የምትገልጥለት፣ ደጋኗን አሳርፋ። እሱ ደጋኑን ክሩ ላይ አሳርፎ እንደያዘ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ይኑር አይኑር ከእኔ በቀር ማንም አይለየውም። የሚወጣ ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ አዲሱ ሥራ ሆነ። ዝምታው ደረሰ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው ወንበር ላይ ሲመቻች ይሰማል። ባለ ዘንጉ ዓይኑን ጣለብኝ። እኔ ድምፁን በልቤ እፈልጋለሁ። እዚያው ነው፣ ግን ሩቅ ነው፤ ትንፋሼን ልስብ ነው፤ ልዘገይ ነው።

ከፊቴ፣ ከእሱ ወገን ሳይሆን ከእሷ ወገን፣ አንድ ድምፅ መጣ። በጉሮሮ። ቀጭን ነው፣ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ግን ትንፋሽ ሳልስብ በፊት ነው የመጣው።

ገባሁ።

ስለቀረው መጻፍ አልችልም፤ ብቻ ወረቀቱ ከፊቴ ነበር፣ ጣቴም ጠማማዎቹን ጥጎች እያገኘ ገለጠ። በሰዓቱ ይሁን አላውቅም።

ታዳሚው ቆመ። ባለ ዘንጉ ብቻዬን አስነሣኝ። እኔ ጎረቤቴን በክንዱ ይዤ አስነሣሁት። ሁለት እጁን ከኋላው ይዞ ነበር ያጎነበሰው፤ ሰዎች ትሕትና መሰላቸው።

ሰኞ፣ 9

ባለ ዘንጉ ጠራኝ። ሦስተኛው ወንበር ይነሣል አይነሣም የሚለው ቀርቷል፤ ጎረቤቴ ስለተሰናበተ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። በመጪው ወቅት ፊት እመለሳለሁ። ግን በውስጥ በኩል። ውጪ ያለችው እሷ ናት።

ማለት ገጽ ገላጭ እኔ ነኝ።

እንደማስብበት ነገርኩት። ማሰቡን ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ጨረስኩት።

ልጅቷ ሰማያዊ ሣጥኗን አንግታ በር ላይ ቆማ ነበር። እጄን ዘረጋሁላት። ሙጫ አልነበረበትም። እሑድ ከሰዓት ቤቴ ብትመጣ፣ አዲሶቹን ሥራዎች ብትጫወትልኝ፣ አስተያየቴን እንደምሰጣት ነገርኳት። ሦስተኛዋን ሐረግ መጨረሻ ላይ ትቸኩያለሽ አልኳት።

"እሺ ጋሼ" አለችኝ።

ጎረቤቴን የምትጠራበት ቃል ነው። ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ሲሰጡህ ይጠባል። ይሁን፤ ይለመዳል።

እሑድ፣ 15

ባለቤቴ አራት ብርጭቆ አቀረበች። አንዱን ግማሽ ብቻ ሞላችው። ማንም አልነገራትም።

ሁለቱም አብረው መጡ። ሣጥኑን ዛሬም ይዛለታለች፤ ባዶውን ሣጥን፤ መሣሪያውን ቤቱ ትቶታል። ልምዱን ላለመተው ነው አለ። እየተሳሳቁ ነበር የገቡት፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ምን እንዳሳቃቸው አሁንም አልጠየቅኩም። ይበላኛል፤ ሆድ ይፍጀው።

መቀመጫውን የደለደልኩት እኔ ነኝ። ማንም ጣልቃ እንዲገባ አልፈቀድኩም። ልጅቷ መቆሚያው ፊት። እኔ በውስጥ በኩል። ጎረቤቴ ከእኔ አጠገብ፣ ከእሷ አጠገብ ሳይሆን ከእኔ አጠገብ፣ ክንዴ ክንዱን እስኪነካ።

ተጫወተች። አዳመጥኩ። አንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ እስኪገባት።

የገጹ መጨረሻ ሲቃረብ ደጋኗን አላቋረጠችም። ጎረቤቴ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ጣሪያውን ያያል። ወረቀቱን አየሁ። ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ይሄዳሉ፤ የትኛው ላይ እንዳለች መፈለግ ጀመርኩ። ልጅቷ ሳትዞር፣ ትንሽ ብቻ፣ አገጯን ነቀነቀች።

ገለጥኩላት።

አገጭ የመነቅነቅ መጥፎ ልማድ አላት። እታገሣለሁ።